ለቤት የበረራ ሲሙሌተር የዕቅድ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ በኮምቦልቻና በላሊበላ መስመር እየፈተኑ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው መነሣትና ማረፍን ከተለማመደ በኋላ ውሎ አድሮ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ይኖርበታል። በየትኛው መስመር፣ በምን ያህል ከፍታ፣ በምን ያህል ነዳጅ እንደሚሄድና መዳረሻው በደመና ቢዘጋ ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ የሚያሰላለት ሶፍትዌር ሲፈልግ ግን በነጻ የሚገኝ፣ በወር የሚከፈልበት፣ በኮምፒውተር ላይ የሚጫንና በድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ ብዙ ዓይነት ይቀርብለታል። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ የሚያዋጣው መንገድ ሶፍትዌሩን መልክዓ ምድሩን በዓይን በምናውቀው መስመር ላይ መፈተን ነው። ወሎ ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ወደ ደጋ የሚወጣ፣ ከዚያም በገደልና በሸለቆ የሚቆራረጥ አገር በመሆኑ የዕቅድ ሶፍትዌርን ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል።

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለሲሙሌተር ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ከወዲሁ ማስገንዘብ ይገባል። የሶፍትዌሮቹ አዘጋጆች ራሳቸው ውጤቱ ለእውነተኛ በረራ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ።

አንደኛ፦ የራስን ሁኔታ መለየት

ሶፍትዌር ከማውረድዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው የሚጠቀሙበት ሲሙሌተር ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ወይም 2024፣ ኤክስ-ፕሌን 12፣ ወይም በነጻ የሚገኘው ፍላይትጊር ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ የበረራ ዕቅድን የሚቀበለው በራሱ የፋይል ዓይነት ስለሆነ ሶፍትዌሩ ያንን ፋይል ማውጣት ካልቻለ ሌላው ችሎታው አይጠቅምዎትም። ሁለተኛው የሚያበሩት አውሮፕላን ነው። በሴስና 172 መሬት እያየ የሚበር ሰውና በዳሽ 8 ኪው400 መንገደኛ ጭኖ ከቦሌ የሚነሣ ሰው የሚፈልጉት ዕቅድ ፈጽሞ አይመሳሰልም። የፊተኛው ካርታና የመሬት ከፍታ ያስፈልገዋል፤ የኋለኛው የነዳጅ ስሌት፣ የጭነት ሚዛንና የአየር መስመር ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ ይኸውም መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ነው። የማይክሮሶፍት ሲሙሌተሮች፣ በተለይም የ2024ቱ፣ የምድሩን ምስል በበረራ ላይ ሳሉ ከኢንተርኔት እየሳቡ የሚያሳዩ በመሆናቸው ግንኙነቱን በብዛት ይይዛሉ። የዕቅድ ሶፍትዌሩም በዚያው መስመር ላይ የሚሻማ ከሆነ ሁለቱም ይጎተታሉ። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት በወሎ ከተሞች ለሚኖር ተጠቃሚ ቢያንስ አንዱ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆን አለበት፤ ይህ እንደ ተጨማሪ ምቾት ሳይሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊታይ የሚገባው ነው።

ሁለተኛ፦ ዋና ዋናዎቹን አማራጮች ማወቅ

በቅድሚያ በእጅ ያለውን መመልከት ተገቢ ነው። የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር የራሱ የዓለም ካርታ አለው፤ መነሻና መድረሻ ሲመረጥ መስመሩን ራሱ ያሰምራል። በ2024ቱ እትም ደግሞ በድረ ገጽ የሚከፈት የዕቅድ ማውጫ ተጨምሯል። ለመጀመሪያዎቹ በረራዎች ይህ ይበቃል፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ያቀረበውን ከፍታ ለምን እንደመረጠ በበቂ ስለማያስረዳ ከእርሱ ብዙ ትምህርት አይገኝም።

ሊትል ናቭማፕ በነጻ የሚገኝና የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ይጫናል። ትልቁ ጥቅሙ የኤርፖርቶችን፣ የማኮብኮቢያዎችንና የሬዲዮ ጣቢያዎችን መረጃ ከራስዎ የማይክሮሶፍት ወይም የኤክስ-ፕሌን ሲሙሌተር ላይ ማንበቡ ነው፤ ስለዚህ በካርታው ላይ የሚያዩት ማኮብኮቢያ ሲሙሌተሩ ውስጥ ካለው ጋር ይስማማል። መረጃው አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሲምብሪፍ ደግሞ የአየር መንገድ ዓይነት ዕቅድ የሚያወጣ የድረ ገጽ አገልግሎት ነው። የናቪግራፍ ኩባንያ ንብረት ሲሆን መሠረታዊ አገልግሎቱ በነጻ ነው። አውሮፕላኑን፣ መነሻውንና መድረሻውን ሲነግሩት የነፋስ ትንበያ ጨምሮ ነዳጁን፣ ጊዜውንና ክብደቱን አስልቶ አብራሪዎች ከበረራ በፊት የሚቀበሉትን ዓይነት ሰነድ ያዘጋጃል። ያለ ኢንተርኔት ግን ምንም አይሠራም።

የናቪግራፍ የክፍያ አገልግሎት የማረፊያ ቻርቶችን፣ ማለትም ወደ ኤርፖርት አቀራረቡን የሚያሳዩ ካርታዎችን፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚታደስ የአሰሳ መረጃን (የአየር መስመሮችንና በላያቸው የተሰየሙ ነጥቦችን ዝርዝር) ይሰጣል፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ስካይቬክተር በድረ ገጽ በነጻ የሚታይ ካርታ ነው፤ ለፈጣን ዕይታና ርቀት ለመለካት ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከሲሙሌተሩ ጋር ስለማይነጋገር ብቻውን አይበቃም። ከእነዚህ ሌላ በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ የሚወደሱ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት አሁንም የሚሸጡና የሚታደሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፦ ሊትል ናቭማፕን ማዘጋጀት

ለአብዛኛው ሰው በዚህ መጀመር የተሻለ ነው። ሶፍትዌሩን ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሰዓት ያውርዱና ፎልደሩን በሚፈልጉት ቦታ ይፍቱ። ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ የሲሙሌተሩን የመልክዓ ምድር መረጃ እንዲያነብ ማዘዝ ነው፤ ትእዛዙ ይህንኑ ስም በያዘው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ንባቡ እንደ ኮምፒውተሩ አቅም ጥቂት ሊቆይ ስለሚችል ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን።

ከዚያ በኋላ የመሬት ከፍታ መረጃውን ያሟሉ። ሶፍትዌሩ በጥሬው ከኢንተርኔት የሚስበው ከፍታ ስሕተት የማያጣው ስለሆነ ግሎብ የተባለውን የከፍታ መረጃ ለብቻው አውርዶ በቅንብሮቹ ውስጥ ፎልደሩን ማሳየት ይመከራል። ይህም ቢሆን እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወክል መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በሜዳማ አገር አንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ አምባው በገደል በሚቆረጥበት አገር ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ጫፉ ተሸርፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በወሎ ሰማይ የሚወጣ ዕቅድ ላይ ሶፍትዌሩ ከሚለው ዝቅተኛ ከፍታ ጥቂት ጨመር ማድረግ ብልህነት ነው።

ካርታውንም አስቀድመው ያከማቹ። ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ያለውን ክፍል በተለያየ ቅርበት ቢያስሱት ሶፍትዌሩ ያየውን የካርታ ክፍል በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚህም ሌላ ከራሱ ጋር የሚመጡ፣ ኢንተርኔት የማይፈልጉ ቀላል የካርታ ገጽታዎች አሉት። ሁለት ኮምፒውተር ያለው ሰው ሲሙሌተሩን በዴስክቶፑ፣ ዕቅዱን በላፕቶፑ ማድረግ ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሊትል ናቭኮኔክት የተባለ አጋዥ ሶፍትዌር አለ። ካርታውን በቤት ዋይፋይ አማካይነት በስልክ ማሳየትም ይቻላል፤ ለዚህ የውጭ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አራተኛ፦ የሐረጎ ፈተና

አሁን ሶፍትዌሩን በምናውቀው መሬት እንፈትነው። መነሻው የኮምቦልቻ ኤርፖርት፣ መድረሻው የላሊበላ ኤርፖርት ይሁን። ኮምቦልቻ በዓለም አቀፉ አራት ፊደል መለያ ኤች-ኤ-ዲ-ሲ ነው። በስም ሲፈልጉት በላቲን ፊደል በኬ ሳይሆን በሲ እንደሚጀምር ያስታውሱ፤ አለዚያ የለም ሊልዎት ይችላል። ደሴ ከተማ የራሷ ኤርፖርት ስለሌላት የቲኬት መለያውም የደሴን ስም ይዞ የሚገኘው በዚሁ በኮምቦልቻ ነው። ላሊበላ ኤች-ኤ-ኤል-ኤል ነው። የሐዋሳ መለያ ኤች-ኤ-ኤል-ኤ ስለሆነ በአንዲት ፊደል ስሕተት ወደ ሲዳማ የሚያመራ ዕቅድ ሊወጣልዎት ይችላል። ርቀቱን በማየት ይህን ወዲያው መለየት ይቻላል፤ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ ቀጥታው 70 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ገደማ ነው።

በካርታው ላይ የመነሻውን ኤርፖርት በቀኝ ጠቅታ መነሻ፣ የመድረሻውን መድረሻ አድርገው ይሰይሙና በመስመሩ ሥር ያለውን መሬት ከጎን የሚያሳየውን የከፍታ መገለጫ መስኮት ይክፈቱ። መስመሩ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያመራ ከሞላ ጎደል በደሴ አናት ላይ ያልፋል። እዚህ ላይ ዓይንዎን ያሹ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ በመኪና የወጣ ሰው ጆሮው እየተደፈነ የሚያውቀው ይህ 650 ሜትር የሚሆን ልዩነት፣ ማለትም ከ2,000 ጫማ በላይ፣ በመገለጫው ላይ ከመነሻው ጥቂት ማይል ባልሞላ ርቀት ውስጥ እንደ ቀጥ ያለ ግድግዳ መታየት አለበት። በምዕራብ በኩል ያለው የጦሳ ተራራ ደግሞ ከከተማይቱም በላይ ነው። መስኮቱ በዚህ ቦታ ለዘብ ያለ ቀስተኛ አቀበት ብቻ ካሳየዎት የከፍታ መረጃው በትክክል አልተጫነም ማለት ነው፤ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመልሰው የፎልደሩን አድራሻ ይመርምሩ። የመሬት መገለጫ ጭራሽ የሌለው ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ለዚህ አገር እንደማይሆን ከወዲሁ ታውቋል።

ከደሴ ካለፈ በኋላ መስመሩ የሐይቅን ሐይቅ በስተቀኝ ራቅ አድርጎ በመተው በደላንታና በዋድላ ደጋ በኩል ይቀጥላል። ይህ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና በወንዝ ሸለቆዎች እየተሰነጠቀ ወደ ታች ይወርዳል። በተራራማ አገር መሬት ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለሚደረግ በረራ የዓለም አቀፉ ደንብ የሚጠይቀው በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ መሰናክል ቢያንስ 2,000 ጫማ ከፍ ማለትን ነው። ሶፍትዌሩ በመገለጫው ላይ የሚያሳየው ቀይ የዝቅተኛ ከፍታ መስመር በጥሬ ቅንብሩ ይህን ያህል ላይጨምር ስለሚችል በቅንብሮቹ ውስጥ ያለውን የመጠባበቂያ ከፍታ ራስዎ ወደ 2,000 ጫማ ያሳድጉት።

ስሌቱን በሴስና 172 ላይ ቢሞክሩት የመስመሩ ችግር ፍንትው ብሎ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ያለው ከፍተኛ ቦታ 3,500 ሜትር ቢሆን 11,500 ጫማ ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ 2,000 ሲጨመር 13,500 ይደርሳል። የሴስና 172ኤስ የመጨረሻ የአገልግሎት ከፍታ ደግሞ 14,000 ጫማ ነው፤ እዚያ ላይ አውሮፕላኑ በደቂቃ 100 ጫማ ብቻ የሚወጣ ስለሆነ የቁልቁል ነፋስ ቢገጥመው ከፍታውን መጠበቅ ያቅተዋል። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ በመሆኑ ለዚህ አውሮፕላን ጨርሶ የማይታለፍ ነው። ጥሩ የዕቅድ ሶፍትዌር ይህን አስቀድሞ በዓይን ያሳያል፤ መስመሩን በመዳፊት ጎትተው ሸለቆውን እንዲከተል ሲያደርጉም መገለጫው ወዲያውኑ ይለወጣል። የሶፍትዌሩ ጥራት የሚለካው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞቃት አየር ሳስቶ አውሮፕላኑን ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንዳለ ስለሚያደርገው በዚሁ አጋጣሚ የሙቀትን ጉዳይ ማየት ይጠቅማል። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ነው። በመደበኛው የአየር ሰንጠረዥ በዚህ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 22 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ዲግሪ በ120 ጫማ ሲሰላ 2,640 ጫማ ይመጣል። አውሮፕላኑ ስለዚህ ከ8,700 ጫማ በላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሣው፤ ማኮብኮቢያውን ይፈጃል፣ አወጣጡም ይለግማል። ብዙ የዕቅድ ሶፍትዌሮች ይህን ለትንሽ አውሮፕላን አያሰሉም፣ ስለዚህ በእጅ ማስላት ይለመድ። በሲሙሌተሩም ከመነሣት በፊት የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን ማሳሳት (በቅልቅሉ ውስጥ ያለውን ነዳጅ መቀነስ) መርሳት የለብዎትም።

መድረሻው ላይም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የላሊበላ ኤርፖርት ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዝቅ ባለ ስፍራ የሚገኝ ሲሆን ከፍታው 6,500 ጫማ ገደማ ነው፤ ከተማዋ ግን 2,500 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከ8,000 ጫማ በላይ ናት። ከተማዋን አይቶ መውረድ የሚጀምር ሰው ወደ ተራራ ይወርዳል። የመውረጃ ነጥቡን ሶፍትዌሩ ባሰላው ላይ ያድርጉ።

አምስተኛ፦ ሲምብሪፍን በቦሌና በኮምቦልቻ መስመር መሞከር

የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያሰማራው ዳሽ 8 ኪው400 በሲምብሪፍ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ይህ አውሮፕላን የሌለው ሰው ለማይክሮሶፍት ሲሙሌተር የተዘጋጀውን ኤቲአር 72-600 መጠቀም ይችላል። መነሻውን ቦሌ፣ ማለትም ኤች-ኤ-ኤ-ቢ፣ መድረሻውን ኮምቦልቻ ያድርጉ። ርቀቱ በቀጥታ 137 ኖቲካል ማይል ያህል ነው።

ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው፤ እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ሲምብሪፍ የሚሠራው በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት መነሣት ከፈለጉ በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ በዓለም አቀፉ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። በአጭሩ ለቀን በረራ በእኛ ሰዓት ላይ 3 መደመር ይበቃል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 11 ይሆናል። ይህ ካልተስተካከለ የተሳሳተ ሰዓት ነፋስና ሙቀት ይጫንልዎታል። መለኪያውንም አውሮፕላንዎ በሚያሳየው፣ በኪሎ ግራም ወይም በፓውንድ፣ ያድርጉ፤ ሁለቱን ማምታታት ነዳጁን ከእጥፍ በላይ ያሳስተዋል።

ከፍታውን ሲምብሪፍ ራሱ ይመርጣል፣ ነገር ግን ምርጫውን ይመርምሩት። መስመሩ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ በዓለም አቀፉ ደንብ በሺህ ሲቆጠር ጎዶሎ ቁጥር የሆነ ከፍታ ይገባዋል፤ ለምሳሌ 17,000፣ 19,000 ወይም 21,000 ጫማ። ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ ሲሆን ግን አቅጣጫው ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል ተጋማሽ ቁጥር የሆነ ከፍታ፣ 14,000 ወይም 16,000፣ ይሆናል። ከቦሌ በቀጥታ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ደግሞ ከሰሜን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያለ ስለሆነ መስመሩ ትንሽ ቢጠመዘዝ ደንቡ ሊገለበጥ ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን በትክክል ከለየ ይታመናል።

የነዳጁን ሰንጠረዥ በመስመር በመስመር ያንብቡት። በመጀመሪያ በመሬት ላይ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው፣ ቀጥሎ ለጉዞው የሚሆነው ይመጣል። በተለምዶ የጉዞውን 5 በመቶ ያህል ለማይጠበቅ ነገር የሚያዝ፣ ከዚያም ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰው ይከተላል። በመጨረሻ የተርባይን ሞተር ላላቸው አውሮፕላኖች በተለዋጩ ማረፊያ ላይ በ1,500 ጫማ ለ30 ደቂቃ የሚያስኬደው የመጨረሻ መጠባበቂያ አለ። በአጭር የአገር ውስጥ በረራ ላይ ከጉዞው ነዳጅ ይልቅ መጠባበቂያዎቹ ተደምረው የሚበልጡበት ጊዜ አለ፤ ይህን አይቶ መቀነስ አያስፈልግም።

የተለዋጭ ማረፊያ ምርጫ ግን የሰው ሥራ ነው። ለኮምቦልቻ ቅርቡ ላሊበላ ነው፤ ሶፍትዌሩም በርቀት ብቻ ከመረጠ እርሱኑ ያቀርባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ኮምቦልቻን የዘጋ የክረምት ደመና ላሊበላንም አብሮ ሊይዝ ይችላል። 87 ኖቲካል ማይል ገደማ ርቆ በዝቅተኛው የአፋር ሜዳ ላይ ያለው ሰመራ በዚህ ወቅት የተሻለ ነው፤ ሙቀቱ ከፍተኛ ቢሆንም ዙሪያው ገደል የለውም። ወደ ቦሌ መመለስም ሌላው አማራጭ ነው፤ ርቀቱ ከሰመራ በግማሽ ያህል ስለሚበልጥ ነዳጁን ያበዛል። ሦስቱንም በየተራ አስገብተው ነዳጁ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይመልከቱ። ሰነዱ ሲወጣ ወዲያው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ኢንተርኔቱ ከሄደ በኋላ መልሶ መክፈት አይቻልም።

ስድስተኛ፦ የአሰሳ መረጃን ማመሳሰል

የአሰሳ መረጃ በዓለም ዙሪያ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ ይህ ዙር ኤይራክ ይባላል። የናቪግራፍ ክፍያ የሌለው የሲምብሪፍ ተጠቃሚ የቆየ ዙር ያገኛል፤ ሲሙሌተሩ ደግሞ ሌላ ዙር ሊኖረው ይችላል። ችግሩ የሚታየው ዕቅዱን ወደ አውሮፕላኑ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ነው፦ በወረቀቱ ላይ ያለው የመስመር ነጥብ አይታወቅም ይልዎታል ወይም መስመሩ ይቆራረጣል። ለኢትዮጵያ አገር ውስጥ በረራ ነጥቦቹ ጥቂት ስለሆኑ የማይታወቀውን አውጥቶ ሁለቱን ጎረቤት ነጥቦች በቀጥታ ማገናኘት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን አዲሱን መስመር በሊትል ናቭማፕ የከፍታ መገለጫ ላይ ይዩት፤ ቀጥታ የሆነ መስመር ተራራ ላይ ሊያልፍ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ዕቅዱን ወደ ሲሙሌተሩ ማስተላለፍ

የማይክሮሶፍት ሲሙሌተሮች የፒኤልኤን ፋይል ይቀበላሉ፤ ኤክስ-ፕሌን ደግሞ የኤፍኤምኤስ ፋይልን በአውትፑት ፎልደር ውስጥ ባለው የኤፍኤምኤስ ፕላንስ ፎልደር ይፈልጋል። ሊትል ናቭማፕ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ዓይነት የመላክ አገልግሎት አለው። ሲምብሪፍም ፋይሎቹን በየቦታቸው የሚያስቀምጥ አነስተኛ አውራጅ ሶፍትዌር ያቀርባል። የመጀመሪያውን ፋይል ካስተላለፉ በኋላ በሲሙሌተሩ ውስጥ መነሻና መድረሻው፣ የነጥቦቹ ቅደም ተከተልና የማኮብኮቢያው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ።

ስምንተኛ፦ መክፈል ይገባል ወይ?

ለብዙው ሰው መልሱ ገና አይደለም የሚል ነው። የናቪግራፍ ምዝገባ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልና የሚታደስ ወጪ ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው በመሣሪያ የማረፊያ ቻርት እየተከተለ ለሚያርፍ፣ ወይም እንደ ቫትሲምና አይቫኦ ባሉ የበጎ ፈቃድ መረቦች ላይ ከሌሎች አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ጋር ለሚበር ሰው ነው። በእነዚህ መረቦች ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ወቅታዊ መረጃ መያዙ ስለሚረዳ ወጪው ምክንያት አለው። በሴስና ሐይቅንና ጦሳን እያየ ለሚበር ሰው ግን ሊትል ናቭማፕ ብቻውን ይበቃዋል፤ በመንገደኛ አውሮፕላን ለሚሠራም ሲምብሪፍን በነጻው ደረጃ ከሊትል ናቭማፕ ጋር አጣምሮ መያዝ ከየትኛውም ነጠላ የክፍያ ሶፍትዌር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሲምብሪፍ ነዳጁን ያሰላል፣ ሊትል ናቭማፕ መሬቱን ያሳያል፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይይዛል።

ምርጫው ከተደረገ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ሶፍትዌሩን ከራስ አውሮፕላን ጋር ማላመድ ነው። እያንዳንዱን በረራ ሲጨርሱ በታንኩ የቀረውን ነዳጅና የፈጀውን ጊዜ ከዕቅዱ አጠገብ ይጻፉ። በተከታታይ በረራዎች አውሮፕላኑ ከዕቅዱ በላይ እየበላ ከተገኘ በሊትል ናቭማፕ የአውሮፕላን ብቃት ፋይል ውስጥ ያለውን የፍጆታ ቁጥር ያርሙ፤ በሲምብሪፍም ለዚያ አውሮፕላን የተቀመጠውን የፍጆታ ማስተካከያ በመቶኛ ከፍ ያድርጉ። ንጽጽሩ ግን በተመሳሳይ ከፍታና ጭነት የተደረጉ በረራዎችን ብቻ የሚመለከት ይሁን።